ያገለገለ የድሮ አምፕሊፋየር አገዛዝ፦ ምኑ ይተካል፣ ምኑ አይተካም?

ክዳኑን የፈታሁት ከተቃጠለ በኋላ ነው። ብሎኖቹ ወጥተው ክዳኑ ሲነሳ መጀመሪያ የመጣው የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ነበር፤ ቀጥሎ ዓይኔ ያረፈው ፊውዙ ላይ። ውስጡ ድሮ ተበጥሶ ብርጭቆው ጠቁሯል፤ ዙሪያውን ግን በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሎ እንደ ጤነኛ ቦታው ላይ ተሰክቷል። ሻጩ «ተነክቶ አያውቅም» ብሎ የማለልኝ ዕቃ ነው። ሱቅ ውስጥ አምስት ደቂቃ ሰማሁት። ድምፁ ልብ ይነካል፣ የፊቱ አልሙኒየም ያበራል፣ መርፌዎቹ በሰማያዊ ብርሃን ውስጥ ከዘፈኑ ጋር ይወዛወዛሉ። ገንዘቡን ቆጥሬ ሰጠሁ። በሦስተኛው ቀን ትራንስፎርመሩ ነደደ። ትክክለኛ ፊውዝ ቢኖርበት ኖሮ የሚነደው የጥቂት ብር ፊውዝ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አምፕሊፋየር ስገዛ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እዚህ ሳጥን ውስጥ ምኑ ይተካል፣ ምኑ አይተካም? የሚተካው ቢበላሽ ዋጋ ያስቀንሳል እንጂ አያስፈራም። የማይተካው ከተበላሸ ግን በነፃ ቢሰጧችሁም ትርፉ ሸክም ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የሚነሱት ከዚህ ጥያቄ ነው።

ደረጃ 1፦ የምትፈልጉትን ለዩ፣ ማንዋሉን ቀድማችሁ አውርዱ

ሰው የሚፈልጋቸው የድሮ አምፕሊፋየሮች በአብዛኛው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ናቸው፤ ማራንትዝ፣ ፓዮኒር፣ ሳንሱይ፣ ኬንውድ፣ ያማሃ፣ ሉክስማን፣ ከእንግሊዝ ደግሞ ኳድና ናድ። በዚያ ዘመን የጃፓን ፋብሪካዎች በዋት ይፎካከሩ ነበር። ፓዮኒር በ1978 ያወጣው ኤስኤክስ 1980 በቻናል 270 ዋት ነው፤ ክብደቱም 35 ኪሎ ያህል። በዚያው ዓመት የወጣው ናድ 3020 ግን 20 ዋት ብቻ ተጽፎበት በዓለም ላይ እጅግ ከተሸጡት አምፕሊፋየሮች አንዱ ሆነ። ለተራ ሳሎን ከ20 እስከ 40 እውነተኛ ዋት ይበቃል። እውነተኛ የምለው በምክንያት ነው። ከ1974 ጀምሮ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አምራቾች ሳይቋረጥ የሚሰጠውን ኃይል እንዲጽፉ አስገድዷል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ዕቃ ላይ የተጻፈው 40 ዋት ዛሬ ካርቶን ላይ ከሚታተመው «1000 ዋት» የበለጠ ሊታመን ይችላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገዙ ከሆነ ቀለል ያለ፣ በሁለት ቻናል የሚሠራ፣ በተራ ትራንዚስተር የተገነባ ዕቃ ምረጡ። ከሁለት ዓይነት ራቁ። አንደኛው በ1970ዎቹ አጋማሽ የመጡት ቪፌት የሚባል ልዩ ትራንዚስተር ያላቸው ናቸው፤ ሶኒ ቲኤ 5650 ምሳሌ ይሆናል። ድምፃቸው ግሩም ነው፤ ትራንዚስተሮቹ ግን መመረታቸው ከቆመ ብዙ ዓመት ሆኗል፤ አንዱ ከሞተ ዕቃው አብሮ ይሞታል። ሁለተኛው ባለ አራት ቻናሉ የኳድራፎኒክ ዘመን ዕቃ ነው፦ የሚበላሸው ነገር እጥፍ፣ የምትጠቀሙበት ግማሽ።

የሞዴሉን ስም እንዳወቃችሁ የጥገና ማንዋሉን ፈልጉ። ሃይፋይ ኢንጅን የሚባለው ድረ ገጽ የብዙዎቹ ማንዋል አለው። ማንዋሉ ውስጥ ሦስት ነገር ምልክት አድርጉ፦ የፊውዙን መጠን፣ የኃይል ትራንዚስተሮቹን (ድምፁን አጉልተው ለስፒከር የሚሰጡትን) ቁጥርና የባያስ (ዘፈን ባይኖርም በእነሱ ውስጥ የሚያልፈው ትንሽ ፍሰት) ማስተካከያውን ገጽ። ሻጭ ፊት ስትቆሙ እነዚህ ሦስቱ ስልካችሁ ላይ ይኑሩ።

አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃው የሚገኘው መርካቶ ምን አለሽ ተራ፣ የቴሌግራም መሸጫ ቻናሎች ላይ፣ የሥራ ዘመናቸውን ጨርሰው ዕቃቸውን ሸጠው ከሚሄዱ የውጭ ሰዎች፣ እንዲሁም አባት ወይም አያት ሲያርፉ ቤት ከሚያጸዱ ቤተሰቦች ዘንድ ነው። እኔ የመጨረሻውን እመርጣለሁ። ሃያ ዓመት ዳንቴል ለብሶ ጥግ የተቀመጠ አምፕሊፋየር አቧራ ይኖረዋል እንጂ አሥር ጠጋኝ አልጎረጎረውም።

ደረጃ 2፦ ከመስማታችሁ በፊት አዙሩት

ጀርባው ላይ የተለጠፈችውን የቮልት ጽሑፍ አንብቡ። እዚህ ላይ ስህተት ከተፈጠረ ሌላው ምርመራ ሁሉ ዋጋ የለውም። 220፣ 230 ወይም 240 ከሆነ ለአገራችን መብራት ይሆናል። 120 ቮልት 60 ኸርዝ ከሆነ የአሜሪካ ነው፤ ከዋሽንግተን ወይም ከሎስ አንጀለስ ዘመድ የሚያመጣው ይህን ነው። 100 ቮልት ከሆነ ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠራ ነው። ሳውዲ ለብዙ ዓመታት 127 ቮልት ትጠቀም ስለነበር ከዚያ የመጣ የድሮ ዕቃም ሳይነበብ አይሰካ።

የአሜሪካውን በቀጥታ 220 ላይ ብትሰኩት ምን ይሆናል? ትራንስፎርመሩ ቮልቱን የሚቀንሰው በቋሚ ንጽጽር ነው። ውስጥ 35 ቮልት መሆን የነበረበት ወደ 64 ይደርሳል፤ 50 ቮልት የሚችለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) 64 ይጫንበታል። ፊውዙ ቶሎ ካልተበጠሰ ካፓሲተሩ ይፈነዳል ወይም ትራንዚስተሩ ይሄዳል።

የጃፓኑ ደግሞ ሌላ ጉድ አለበት። ሬዲዮ ያለው ከሆነ ኤፍኤሙ የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነው፤ የጃፓን ስርጭት እዚያ ላይ ስለነበር። ኤፍኤም አዲስ 97.1ም ሆነ ሸገር 102.1 ከመርፌው መጨረሻ ውጭ ናቸው። ሰው መርፌውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አመላልሶ «ሬዲዮው ሞቷል» ሲል ሰምቻለሁ፤ ሬዲዮው ግን ጤነኛ ነበር።

ማውረጃ ትራንስፎርመር የምትገዙ ከሆነ ለጃፓኑ ከ220 ወደ 100 የሚያወርድ፣ ለአሜሪካው ከ220 ወደ 120 ወይም 110 የሚያወርድ ይሁን። የጃፓኑን 120 ላይ መሰካት በየቀኑ ሃያ በመቶ ትርፍ መጫን ነው። አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ ከተጻፈው ዋት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ የሚችል ግዙ፤ ብረቱ ከባድ መሆን አለበት። እንደ ጡብ ትንሽ፣ እንደ ላባ ቀላል የሆነው ለፀጉር ማድረቂያ የተሠራ ነው፤ አምፕሊፋየር አትስኩበት።

አንዳንዶቹ ጀርባቸው ላይ የቮልት መምረጫ አላቸው። ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ግን መምረጫው የት ላይ እንደቆመ በዓይናችሁ አረጋግጡ፣ ፊውዙም አብሮ መለወጡን እዩ። ለ110 ቮልት 6 አምፔር የሚጠይቅ ዕቃ በ220 ግማሹን ነው የሚጠይቀው። መምረጫ የሌላቸውም አንዳንዴ ውስጣቸው ያለው ትራንስፎርመር ሁለት ባለ 120 ጥቅልል ይኖረዋል፤ ማንዋሉ ካሳየ አንድ ጎበዝ ሠራተኛ በተከታታይ አገናኝቶ ለ240 ሊያደርገው ይችላል።

ደረጃ 3፦ ክዳኑን አስከፍቱ

ካቻቢቴ ይዛችሁ ሂዱ። «ክዳኑን እንክፈተው» በሉ። ሻጩ እምቢ ካለ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ፣ አመስግናችሁ ተነሱ። ከመክፈት በፊት ገመዱ ይነቀል፤ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይይዛሉና እጃችሁን ወደ ውስጥ አታስገቡ። ሥራው የዓይን፣ የአፍንጫና የስልክ መብራት ነው።

ፊውዙን መጀመሪያ እዩ፤ ለምን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። ብርጭቆው ንጹህ፣ ብረት ጫፉ ላይ የተቀረጸው አምፔር ከማንዋሉ ጋር አንድ ይሁን። የመዳብ ሽቦ፣ ብርማ ወረቀት ወይም ከታዘዘው የበለጠ አምፔር ካያችሁ፣ ከዚህ በፊት ፊውዙ ደጋግሞ ተቃጥሏል፣ ምክንያቱን ግን ማንም አልፈለገም ማለት ነው።

ቀጥሎ ትራንስፎርመሩን አሽትቱ። የተቃጠለ ሽታ፣ የቀለጠ ሰም ወይም የጠቆረ ወረቀት ካለ ይቅርባችሁ። ሞተር የሚጠቀልሉ ሰዎች ትራንስፎርመርም ይጠቀልላሉ፤ ነገር ግን የአምፕሊፋየሩ ትራንስፎርመር አራትና አምስት ዓይነት ቮልት ያወጣል፣ የመጀመሪያው ልክ ከሌለ መልሶ ማግኘት ከባድ ነው። እኔ ሦስት ወር ሞክሬ ትቼዋለሁ።

ከዚያ ግራና ቀኙን አስተያዩ። የስቴሪዮ አምፕሊፋየር ውስጡ እንደ መንታ ነው፤ ለግራ ያለው ሁሉ ለቀኝም አለ። አንዱ ጎን ያለው ትራንዚስተር የተለየ ቁጥር ካለው፣ አንዱ ጎን ያለው ስታኞ ከሌላው የበለጠ የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ ሬዚስተሮቹ ዙሪያ ቦርዱ በአንድ ወገን ብቻ ከጠቆረ፣ ያ ወገን አንድ ጊዜ ነዷል። መንደዱ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ በደንብ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። «አልተነካም» ከተባላችሁ ግን ውሸቱ ተያዘ።

የካፓሲተር አናት ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ መለወጥ አለበት። እግሩ ስር ያለ ቡናማ ነገር ግን ሁሌም ፍሳሽ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ፋብሪካው ካፓሲተሩን የሚያጣብቅበት ማስቲሽ ነው። መጀመሪያ ቢጫ የነበረው በሙቀት ቡናማ ሲሆን እርጥበት ይስባል፣ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይጀምራል፣ የጎረቤቱን እግር እየበላ ይበጥሳል። ካያችሁት በኋላ ቀስ ብሎ መፋቅ አለበት። የአይጥ ጎጆና ሽንት ካለ ግን ቦርዱ ተበልቷልና ተዉት።

የማይተካውን ዝርዝር ለመጨረስ የፊቱን ሰሌዳ፣ ማዞሪያዎቹን፣ የመርፌ ሳጥኖቹንና መስታወቱን ቁጠሩ። አንዲት የጎደለች ማዞሪያ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ያቺን ለማግኘት ሌላ ሙሉ የሞተ ዕቃ መግዛት ሊጠይቅ ይችላል።

ደረጃ 4፦ በአምፖል አስነሱት፣ በቴስተር ለኩት፣ ከዚያ ስሙት

ለረጅም ጊዜ ያልተሰካ ዕቃ በቀጥታ ግድግዳ ላይ አይሰካም። አንድ የድሮ ባለ ክር አምፖል፣ 100 ዋት፣ በመስመሩ ላይ በተከታታይ አስገቡ፤ ኤልኢዲ አይሠራም። ማውረጃ ትራንስፎርመር ካለ አምፖሉ ከእሱ በፊት ይሁን። አምፕሊፋየሩ ሲበራ አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ካፓሲተሮቹ ሞልተው ነገሩ ሰላም ነው። ቦግ እንዳለ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ፤ አምፖሉ በራሱ ላይ ተሸክሞ አትርፎላችኋል፤ አጥፉት። አምፖሉን ሶኬትና ገመድ ባለው ትንሽ ሳጥን ላይ አሠርቼ በየሄድኩበት እይዘዋለሁ። የገመዱ መጋጠሚያ በደንብ የተሸፈነ ይሁን፤ 220 ቮልት ነው።

አምፖሉ ከደበዘዘ አውጡትና በቀጥታ ሰኩ። ስፒከር ገና አታገናኙ። ከሦስት እስከ አምስት ሴኮንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ሪሌ ያለው ዕቃ «ቀጭ» ማለት አለበት፤ ሪሌው የስፒከሩን መስመር የሚያገናኝና የሚቆርጥ፣ ስፒከራችሁን የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ካላለ ወይም ከተነሳ በኋላ መልሶ ከወረደ፣ ውስጡ ሪሌው የሚሸሸው ጥፋት አለ። ቀጭ ካለ በኋላ ድምፁን ዜሮ አድርጋችሁ ቴስተሩን ዲሲ ሚሊቮልት ላይ አቁሙና የስፒከር መውጫዎቹን ለኩ፣ ግራና ቀኝ ለየብቻ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ጥሩ ነው። እስከ 100 ማስተካከያ ይፈልጋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ጥገና፤ ሃያና ሠላሳ ቮልት ካያችሁ የኃይል ትራንዚስተሩ ተበላሽቷል፣ ስፒከር ብታገናኙ ኮይሉ ይቃጠላል። በኋላ ከሻጩ ጋር ስትከራከሩ ይህ ቁጥር ከማንኛውም ምስክር ይበልጣል።

አሁን ስሙት፤ ግን በማታዝኑበት ትንሽ ስፒከር። ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ አሽከርክሩ። ኮሽ ኮሽ ማለት የአቧራ ነው፤ ኮንታክት ክሊነር የሚባለው የመገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ ያድነዋል፤ ዋጋ አስቀንሱበት እንጂ አትሽሹ። አንዱ ጎን ከጠፋ የመግቢያ ገመዶቹን ግራና ቀኝ አለዋውጡ። ጥፋቱ ከገመዱ ጋር አብሮ ከዞረ ችግሩ ከውጭ ነው፤ ባለበት ከቀረ አምፕሊፋየሩ ውስጥ ነው። ድምፅ ከፍ ሲደረግ የሚመለስ ከሆነ በአብዛኛው የሪሌው መገናኛ ዝጓል፤ ሪሌ ርካሽ ነው።

ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሥራ። ከዚያ በጀርባው ያለውን የሙቀት ማብረጃ ብረት በእጃችሁ ዳብሱ። ሁለቱም ወገን እኩል ለብ ማለት አለባቸው። አንዱ ቀዝቃዛ፣ አንዱ የሚፋጅ ከሆነ ባያሱ ተዛብቷል ወይም ትራንዚስተር እየሄደ ነው።

ሸክላ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ማጫወቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አምሃ ሬከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸውን ትንንሽ ሸክላዎች አስቀምጦ የቆየ ሰው የድሮ አምፕሊፋየር የሚፈልገው የሸክላ ማጫወቻ ለሚሰካበት ለፎኖ መግቢያው ነው፤ ያ ክፍል ደግሞ በስልክ ገመድ አይፈተሽም። የማጫወቻውን ቀጭን የመሬት ሽቦ ከፎኖው አጠገብ ባለው ብሎን እሰሩት፤ ካልታሰረ የሚሰማው «እምምም» የሚል ድምፅ የአምፕሊፋየሩ ጥፋት አይደለም።

ደረጃ 5፦ ዋጋ

አጭር ነው። ያገኛችሁትን ጥፋት ሁሉ ሁለት ቦታ ክፈሉ። የሚተካውን፣ የእጅ ዋጋውን ጨምራችሁ ከተጠራው ዋጋ ቀንሱ። ከማይተካው አንድ እንኳ ከተበላሸ ዕቃውን እንደ መለዋወጫ ብቻ ተምኑት። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የሞዴሉንና የተከታታይ ቁጥሩን ፎቶ አንሱ፤ ሲረከቡ ያው ዕቃ መሆኑን ለማወቅ።

ደረጃ 6፦ መለዋወጫ

ብዙ ሰው ዕቃውን በጥንቃቄ ገዝቶ መለዋወጫው ላይ ይታለላል። ከካፓሲተር ልጀምር። ማይክሮፋራዱ አንድ ዓይነት፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ ሙቀቱ 105 ዲግሪ የሚል ይሁን። ውፍረቱንና የእግሮቹን ርቀት በማስመሪያ ለኩ፤ ካልገባ ዋጋ የለውም። ኒቺኮን፣ ፓናሶኒክና ሩቢኮን የሚታመኑ ስሞች ናቸው፤ ስለሚታመኑም አስመሳይ ይሠራባቸዋል። አንድ ጊዜ 10,000 ማይክሮፋራድ የተጻፈበት ገዝቼ እጄ ላይ ሲቀልብኝ ጊዜ ቆርጬ ከፈትኩት፤ በትልቁ ቆርቆሮ ውስጥ የአውራ ጣት የምታህል ትንሽ ካፓሲተር ተቀምጣ ነበር። ስለዚህ ከድሮው ጋር በሁለት እጃችሁ አመዛዝኑ፣ መለኪያ ካላችሁም ለኩ።

«ያልተነካ የድሮ ክምችት» የሚባለውን ካፓሲተር አትግዙ። ውስጡ ያለው ፈሳሽ መደርደሪያ ላይም ይደርቃል። ለትራንዚስተር ግን ተቃራኒው ነው፤ አርባ ዓመት የተቀመጠ እውነተኛ ትራንዚስተር ዛሬ ከታተመ አስመሳይ ይሻላል።

ከሁሉ የበለጠ የሚታለሉበት የኃይል ትራንዚስተር ነው። የቶሺባ 2ኤስሲ5200 እና 2ኤስኤ1943 ጥንድ በየሱቁ አለ፤ ብዙው የውሸት ነው። ምልክቶቹ፦ ጽሑፉ በአልኮል ሲታሽ የሚለቅ፣ ከአንድ ፓኮ የወጡት ጀርባ ብረታቸው የማይመሳሰል፣ እግራቸው የቀጠነ። እኔ ከስድስት አንዱን እሠዋለሁ፤ በፒንሳ ሰብሬ ውስጡን አያለሁ። እውነተኛው ውስጥ ያለው ሲሊከን ሰፊ ነው፤ የውሸቱ እንደ ጤፍ ነጠብጣብ ከሆነች ያን ሁሉ ኃይል አትሸከምም። ክብ ብረት ሽፋን ላላቸው የቆዩ ዕቃዎች ብዙ ጠጋኞች ኤምጄ 15024 እና 15025ን ይተካሉ፤ ማንዋሉና ሠራተኛው ከተስማሙ። በሳንዮ የተሠሩትን የኤስቲኬ ሞጁሎች (የማጉያው ክፍሎች በአንድ ላይ የታሸጉባቸውን ቁራጮች) በተመለከተ፣ ከሌላ የሞተ ዕቃ የተነቀለ እውነተኛ ከሚያብረቀርቅ አዲስ ይልቅ አምናለሁ።

ትራንዚስተር ሁልጊዜ በጥንድ ይለወጣል። አጠገቡ ያሉትን ትንንሽ ሬዚስተሮች፣ ብዙ ጊዜ ከ0.22 እስከ 0.47 ኦም የሆኑትን፣ ሳይለኩ አዲስ መክተት አዲሱን ማቃጠል ነው። ስሩ ያለው ሚካ (ከብረቱ የሚለየው ስስ ንጣፍ) እና ሙቀት የሚያስተላልፈው ነጩ ቅባትም ይታደስ። ሪሌ ስትገዙ የኮይሉን ቮልት (ብዙ ጊዜ 24)፣ የመገናኛውን አምፔርና የእግሮቹን አሰላለፍ ከድሮው ጋር አስተያዩ።

ውጭ ዘመድ ካላችሁ ማውዘር ወይም ዲጂኪ ከሚባሉት ሕጋዊ አከፋፋዮች እንዲያዙላችሁ ጠይቁ። ለአንድ ሙሉ አምፕሊፋየር የሚያስፈልጉት ካፓሲተሮች አንዲት የስኳር ፓኬት አያክሉም፤ የማንም ሻንጣ ይችላቸዋል። ዝርዝሩን የምትልኩት ግን ቁራጩን አውጥታችሁ፣ ለክታችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ ነው።

ማዞሪያ፣ የፊት ሰሌዳና የመርፌ ሳጥን የሚገኘው ከሞተ መንታ ሞዴል ብቻ ነው። ትራንስፎርመሩ የነደደብኝን ያን ዕቃ አልጣልኩትም። የፊቱ ሰሌዳና ማዞሪያዎቹ ዛሬ የሌላ ሰው ዕቃ ላይ አሉ፤ መርፌዎቹ ደግሞ ከእኔ ጋር።

ደረጃ 7፦ ቤት ከገባ በኋላ

ኮንታክት ክሊነሩን በማዞሪያው ቀዳዳ ትንሽ ነፍታችሁ ሃያ ጊዜ ያህል አሽከርክሩ፤ እስኪደርቅ ሳታበሩ ቆዩ። ለመኪና ብሎን የምትጠቀሙበትን ዘይታም ስፕሬይ አታስገቡ፤ ውስጡ ያለውን ቅባት አጥቦ አቧራ ይሰበስባል። ካፓሲተሮቹን የምትለውጡ ከሆነ ኃይላቸውን በካቻቢቴ ሳይሆን በባለ 10 ዋት፣ 220 ኦም ሬዚስተር አፍስሱ፣ ቴስተሩ ከ1 ቮልት በታች እስኪያሳይ። አንዱን ነቅላችሁ አንዱን ትከሉ፤ ሁሉን ነቅሎ መደርደር መቀያየርን ያመጣል። ጎኑ ላይ ያለው መስመር ነጌቲቩን ያሳያል። ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ የሚሰካው በአምፖሉ ነው፤ ከዚያ ባያሱ በማንዋሉ ልክ ይስተካከላል፤ ግማሽ ሰዓት ከሞቀ በኋላ ደግሞ እንደገና ይለካል።

መብራት ሲሄድ አምፕሊፋየሩን ከሶኬት ንቀሉት። መብራቱ ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ ረግቶ ሲቆይ መልሱት፤ የሚጎዳው ሲመለስ የሚመጣው የመጀመሪያው ቮልት ነው። ከላዩ ላይ ዳንቴልም ሆነ ዲኮደር አታስቀምጡ፣ ክዳኑ የተበሳሳው ሙቀቱ እንዲወጣ ነው።